እውነት ወይስ ተረት? በዳባትና በደባርቅ ስለ ሴቶች ሕመም የሚወራውና ተመርምሮ የተገኘው

ዳባትን ብዙ ሰው የሚያውቃት ከጎንደር ተነስቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ሲጓዝ፣ ደባርቅ ከመድረሱ በፊት በመኪና መስኮት የሚያያት የደጋ ከተማ ሆና ነው። በጤና ተመራማሪዎች ዘንድ ግን ስሟ ከዚህ ይሰፋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳባት ወረዳ የምርምር ማዕከል አለው። መረጃ ሰብሳቢዎች በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገር ለቀቀ የሚለውን ሲመዘግቡ ኖረዋል። በአገራችን የሕዝቡ ልደትና ሞት እንዲህ ዓመት ከዓመት የሚመዘገብባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

እንዲህም ሆኖ በዚሁ ወረዳ የምትኖር አንዲት እናት ስለ ገዛ አካሏ ብትጠየቅ፣ የምትነግረን ተመራማሪው ያገኘውን ሳይሆን ከጎረቤት የሰማችውን ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ግኝቱ በእንግሊዝኛ ታትሞ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ወሬው ደግሞ በአማርኛ ቤቷ ድረስ ይመጣል። ወሬውን ከተጠናው ጋር ላስተያየው ፈለግሁ። አንዳንዱ ሐሰት ነው፤ አንዳንዱ ግማሽ እውነት አለው። የሐኪሞች የሆነ ተረትም አለበት።

ተረት፦ «ማህፀን መውጣት የጥቂት አሮጊቶች ሕመም ነው።»

ሕመሙ ስላልታየ የለም ተባለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የቤርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ያካሄደውና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት በዳባት ወደ 400 የሚጠጉ ሴቶችን አነጋግሯል፤ አብዛኞቹ ለምርመራም ፈቅደዋል። ከተመረመሩት ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ የማህፀን ወይም የብልት ግድግዳ መውረድ ተገኘ።

ቁጥሩን ሰምቶ ከመደንገጥ በፊት ትርጉሙን መረዳት ይገባል። የመውረዱ መጠን ከአንድ እስከ አራት ባሉ ደረጃዎች ይለካል። ከተገኘባቸው የሚበዙት ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነበሩ፤ በዚህ ደረጃ ላይ ያለች ሴት ምንም ላይሰማት፣ ሕክምናም ላያስፈልጋት ይችላል። በቃል ሲጠየቁ «ከታች የሚወርድ ነገር ይሰማኛል» ያሉትም በምርመራ ከተገኘባቸው በእጅጉ ያነሱ ነበሩ። አንዳንዷ ስላልተሰማት ነው፤ አንዳንዷ ግን ለማያውቁት ጠያቂ ይህን መናገር ስለማይቻላት ነው። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ቃለ መጠይቆች እንዳሳዩት ሕመሙን ለዓመታት ከቤተሰቦቻቸው ጭምር ደብቀው የኖሩ ሴቶች አሉ።

ጥናቱ ከሕመሙ ጋር አብረው የታዩትን ነገሮችም አውጥቷል፤ ምጥ የረዘመባት፣ በቀን አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ነገር የምትሸከም፣ በደጋው ገጠር የምትኖር ሴት ላይ ይበዛል። ይህን ያነበበ የአገሩ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ቢጫዋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ስትሞላ 20 ኪሎ ትመዝናለች። ምንጩ ከመንደሩ በታች ከሆነ ባዶዋን ይዞ መውረድ ቀላል ነው፤ የሞላችውን በገመድ ጀርባ ላይ አስሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሽ እየያዙ አቀበቱን መውጣት ነው ፈተናው። በእያንዳንዱ እርምጃ የሆድ ውስጥ ግፊት ወደ ታች ይጫናል። ከውሃው ቀጥሎ ማገዶው፣ ከማገዶው ቀጥሎ ወፍጮ ቤት የሚሄደው እህል አለ። ማታ ደግሞ ብርዱን ለመከላከል በሩ ተዘግቶ እሳት ይነድዳል፤ በጭስ የሚመጣው የማይለቅ ሳልም ያንኑ ግፊት ይጨምራል።

ማህፀንን፣ ፊኛንና የዓይነ ምድር መውጫን ከታች ደግፎ የያዘው የዳሌ ወለል ጡንቻ ነው። ጠፍር አልጋን ያስቡ። ጠፍሩ እንደተወጠረ የሚተኛበትን ሰው ይይዛል፤ ከላላ ግን የተኛበት ሁሉ ወደ ታች ይረግባል። ወሊድ፣ በተለይም የተራዘመ ምጥ፣ ጠፍሩን ያላላል፤ ሸክም ሳያርፍ ሲቀጥልበት ተመልሶ የሚወጠርበት ጊዜ ያጣል። ዕድሜ ሲገፋና የወር አበባ ሲቆም ሕመሙ መባባሱ እውነት ነው። የሚጀምረው ግን ብዙ ጊዜ ገና በመውለጃ ዕድሜ ላይ ሳሉ ነው፤ «የአሮጊት ሕመም» የሚለው አባባል ወጣቷን እናት ዝም አሰኝቷታል።

ተረት፦ «እርግማን ነው፤ ሐኪም አያውቀውም።»

ተመራማሪዎቹ ሕመሙ ያለባቸውን የአማራ ክልል ሴቶች ቁጭ ብለው ሲያነጋግሩ ብዙዎቹ የሰጡት ምክንያት ከሕክምና መጽሐፍ እምብዛም አይርቅም፤ ምጥ፣ አራስ ሳሉ ወደ ሥራ መመለስ፣ ሸክም፣ የምግብ እጥረት። ሴቶቹ የሕመማቸውን ምንጭ ያውቁታል። የማያውቁት ሕክምና መኖሩን ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ጎንደር ሆስፒታል ነፃ ቀዶ ጥገና እንደሚሰጥ ሰምተው የመጡት ዕድለኞች ሆነው ተገኝተዋል፤ የቀሩትን ርቀቱ፣ ገንዘቡ፣ ሐፍረቱ ወይም «አይድንም» የሚለው ወሬ አስቀርቷቸዋል።

ጠበል የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ይህን ለመንቀፍ አልጻፍኩም። ጠበል የምትጠመቅ እናት ሐኪምም ብታይ የሚከለክላት የለም፤ ጤና ባለሙያውም «ለምን ጠበል ሄድሽ?» ብሎ ከሚያሸማቅቃት «ጠበሉን ሳትተዪ እኔም ልመርምርሽ» ቢላት ተመልሳ ትመጣለች። ከሁሉ የሚከፋው ሕመሙን ከኃጢአት ጋር ማያያዝ ነው። ባሏ እንዳይፈታት ትሰጋለች፤ ጎረቤት እንዳይጠቋቆምባት ትሸሸጋለች። የተጎዳው ጡንቻና ጅማት ነው። እግሩ የተሰበረን ሰው ማንም አያሳፍረውም።

ተረት፦ «ሕክምናው ማህፀን ቆርጦ መጣል ነው፤ ልጅ የምትፈልግ ሴት አትሂድ።»

ሐሰት ነው፤ ጉዳቱም ከባድ ነው፤ ገና መውለድ የምትፈልገውን ሴት ከሕክምናው በር ይመልሳታል። ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ለተወሰኑት ነው። ቀዶ ጥገናም ቢሆን ሁልጊዜ ማህፀን ማውጣት አይደለም፤ ማህፀኑን ወደ ቦታው መልሶ የሚያስር ዓይነትም አለ። ከዚያ በፊት ፔሳሪ የሚባል፣ ከብልት ውስጥ ገብቶ ማህፀኑን ደግፎ የሚይዝ ለስላሳ ቀለበት አለ፤ ባለሙያ ልኩን መርጦ ያስገባዋል፣ እየወጣም ይጸዳል።

ለጀማሪው ደረጃ ደግሞ የዳሌ ወለል ጡንቻን ማጠንከር ይረዳል። ማንም ሊያስተምረው የሚችል ነገር ስለሆነ እዚሁ ልጻፈው። ተቀምጣ ወይም ተኝታ፣ ሽንትና ፈስ ለመያዝ የምትጨብጠውን ጡንቻ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ትስበዋለች። ሆዷንና ጭኗን አትወጥርም፤ ትንፋሿንም አትይዝም። እስከ አምስት ቆጥራ ትለቀዋለች፣ ያንኑ ያህል ታርፋለች። አሥር ጊዜ ትደጋግመዋለች፤ በቀን ሦስት ጊዜ። ሽንት እየሸናች አትለማመደው። ለውጡን ለማየት ሦስት ወር ገደማ ያስፈልጋል፤ በሳምንት ተስፋ የሚቆረጥበት አይደለም። ቡና እየተፈላ ተቀምጦ ሊሠራ ይችላል፤ የሚያይም የለም።

የተፈወሰችው ሴት በማግስቱ ወደ ጀሪካኗ ከተመለሰች ግን ማህፀኗ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የሕክምናው ግማሽ ያለው ቤት ውስጥ፣ በባልና በልጆች እጅ ነው።

ግማሽ እውነት፦ «አራስ ቶሎ ከተነሳች ማህፀኗ ይወጣል።»

አያቶቻችን እዚህ ላይ አልተሳሳቱም ማለት ይቻላል። ልጁ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን እስክታስጠምቅ ድረስ አራስን ማቆየት የተጎዳውን አካል ያሳርፋል። ማስተካከያው ትንሽ ናት፤ አራሷ ከአልጋ ተነስታ ቤት ውስጥ መንቀሳቀሷ አይጎዳትም፣ እንዲያውም እግሯ ላይ ደም እንዳይረጋ ይከላከላል። የሚጎዳት ሸክም ነው። ችግሩ ያለው ይህን ዕረፍት የምታገኘው ማን ናት በሚለው ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጣሪ የሆነች እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ከደመወዝ ጋር ታገኛለች። በሰሜን ተራሮች የጃናሞራ ወረዳ ገበሬ ሚስት ግን አሠሪም አዋጅም የላትም። ረዳት እህት ወይም እናት ካልመጣችላት ሳምንት ሳይሞላ ምንጭ ትወርዳለች። ባሏ ለሁለት ወር ውሃ ቢቀዳላት ከብዙ ክኒን ይበልጣል።

ተረት፦ «ሽንት የሚያመልጣት ሁሉ ፌስቱላ ናት።»

አይደለችም። ስታስል፣ ስትስቅ ወይም ስትሸከም ብቻ ጠብ የሚላት ሴት ችግሯ በአብዛኛው የጡንቻ መላላት ነው፤ ከላይ ያለው መልመጃም ይረዳታል። ፌስቱላ ሌላ ነው። ምጥ ተዘግቶ ሲቆይ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ሥጋ ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ደም ያሳጣዋል፤ የሞተው ሥጋ ሲላቀቅ በፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይቀራል፣ ሽንት ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይፈስሳል። ይህም ይታከማል። በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጡት ዶ/ር ሬጂናልድና ዶ/ር ካትሪን ሐምሊን በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ፤ ባሕር ዳር ላይም ከ2005 ጀምሮ ማዕከል አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ሕክምናውን ይሰጣል።

ሁለቱን ማምታታት ሁለቱንም ይጎዳል። ፌስቱላ የዘመቻ፣ የበጎ አድራጎትና የዜና ርዕስ ሆኖ ስሙ ታውቋል፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ከእሱ እጅግ የሚበዛው የማህፀን መውጣት ግን እንዲህ ያለ ጠበቃ አላገኘም።

ተረት፦ «ነፍሰ ጡር እንቁላልና ወተት ካበዛች ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጸናባታል።»

ይህን ወሬ ለመናቅ አይቻለኝም፤ ከስንፍና ሳይሆን ከፍርሃት የተወለደ ነው። በልጅነቷ በቂ ምግብ ሳታገኝ ያደገች፣ ዳሌዋ ሳይሰፋ የተዳረች ሴት፣ ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሆስፒታል በሌለበት አገር፣ ልጇ እንዳይገዝፍ ብትሰጋ አይፈረድባትም። ዘዴው ግን አይሠራም። ምግብ የቀነሰች እናት ደሟ ያንሳል፣ ጉልበቷ ይደክማል፣ ልጇም ያለ በቂ ክብደት የመወለድ ዕድሉ ይጨምራል። የጠበበ ዳሌ ደግሞ ምግብ በመቀነስ አይሰፋም። ለፍርሃቷ መልሱ አዋላጅና አምቡላንስ ነው።

መልሱ መምጣት ጀምሯል። በ2005 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2019 48 በመቶ ደርሰዋል። ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች በ2000 871፣ በ2016 412 ተብለው ተገምተዋል። በሰሜን ተራሮች ተረተር ላይ ላለችው ነፍሰ ጡር ግን ትልቁ ነገር አሁንም ምጡ ሳይጀምር ወደ ጤና ጣቢያ ወርዶ በእናቶች ማቆያ መሰንበት ነው። ምጥ ከጀመረ በኋላ በወሳንሳ ገደል መውረድ ከምጡ ይብሳል።

የባለሙያዎች ተረት፦ «ሰንጠረዡ ለሁሉም አገር ይሠራል።»

ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የሰው ደም ቀዩን ንጥረ ነገር፣ ሄሞግሎቢንን፣ ይጨምራል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ መለኪያ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ከፍ እንዲል ያዝዛል። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት መነሻው በዴሲሊትር 12 ግራም ነው፤ ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት በቆየው ሰንጠረዥ 3,500 ሜትር ላይ 2.7 ይጨመርበታል፤ ድምሩ 14.7 ነው። ከዚያ በታች የሆነችው ሴት «ደም አንሷታል» ትባላለች።

አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቤልና ባልደረቦቿ፣ ኢትዮጵያውያንም ያሉበት ቡድን፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክተው ውጤቱን በ2002 እ.ኤ.አ. አወጡ። የሴቶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.0፣ የወንዶቹ 15.9 ነበር፤ ይህም በቆላ ከሚኖር ጤነኛ ሰው ብዙም አይርቅም። በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅንም አልቀነሰም። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደም እንደሚወፍር፣ የቲቤቶቹ ኦክስጅን እንደሚያንስ ይታወቅ ነበር፤ የእኛዎቹ ደገኞች ከሁለቱም የተለዩ ሆኑ።

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጉ፤ መለኪያው 14.7፣ አማካዩ 15.0። የእነዚህ ሴቶች ደም በዚያ ሰንጠረዥ ቢመዘን ከእነሱ ብዙዎቹ፣ ጤነኞች ሆነው ሳሉ፣ በሽተኛ ይባሉ ነበር። ድርጅቱ በ2024 ሰንጠረዡን አሻሽሏል፤ ማስተካከያው አሁንም ለዓለም ሁሉ አንድ ነው። «ደገኛ ደም አያንሰውም» የሚለው የአገር ወሬም በዚህ ትክክል አይሆንም፤ በተደጋጋሚ ወሊድና በምግብ እጥረት ደጋ ላይም ደም ያንሳል፣ በእርግዝና የሚታዘዘውን የብረት ክኒን መተው አይገባም። የእኔ ክርክር የዚህ አገር ሴት በዚህ አገር ሴት ልክ ትመዘን የሚል ነው።

ተረት፦ «የሴቶች ጤና ተጠንቶ ያለቀ ነገር ነው፤ የቀረው የድሃ አገር ችግር ነው።»

በሀብታሙ አገርም አላለቀም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ1977 እ.ኤ.አ. መውለድ የሚችሉ ሴቶች ከመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች እንዲቀሩ መመሪያ አውጥቶ ነበር፤ የተነሳው በ1993 ነው። ዞልፒደም የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት በሴቶች ደም ውስጥ ረዝሞ እንደሚቆይ ታይቶ የሴቶች መጠን በግማሽ እንዲቀነስ የታዘዘው ገና በ2013 ነው፤ ያኔ መድኃኒቱ ገበያ ላይ ከዋለ ሃያ ዓመት አልፎታል።

በእኛ ዘንድ ክፍተቱ ሌላ መልክ አለው። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለገጠሯ እናት ብዙ አድርጓል፤ በመጀመሪያዎቹ 16 ፓኬጆቹ ዝርዝር ውስጥ ግን ማህፀን መውጣት በስሙ የተጻፈበት ቦታ አልነበረም። የቤተሰብ ምጣኔ፣ ክትባት፣ መፀዳጃ ቤት ይጠየቃል። ያልተጠየቀ አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ በጀት አያገኝም፤ በጀት የሌለው ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል። ዳባት ላይ ይህ ሰንሰለት አንድ ጊዜ ተበጥሷል፤ የተበጠሰውም የሴቶችን ቃልና ምርመራ አንድ ላይ የያዘ ቡድን ስለሄደ ነው።

እንግዲህ ለጎንደርና ለደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከዳባት ሴቶች የተወሰደው እውቀት በአማርኛ፣ በጤና ኬላው ግድግዳና በሬዲዮ ወደ ዳባት ሴቶች ይመለስ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እህቴ፣ አራሷን ስትጠይቂ ልጁን ካየሽ በኋላ ሰው አስወጥተሽ፣ «እናቴ፣ ከታች የሚከብድዎት ወይም የሚወርድ ነገር አለ?» በያት። ፎርሙ ላይ ባይኖርም ጠይቂ። ባል የሆንክ አንባቢ፣ ሚስትህ ከወለደች በኋላ ጀሪካኑን አንተ ያዝ። አንቺም ሕመሙ ያለብሽ እናት፣ በቅርብሽ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሪ፤ እዚያ መፍትሔ ካጣሽ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ወይም ወደ ጎንደር የሪፈር ወረቀት ጠይቂ። ሕመምሽ ይታወቃል፤ ሕክምናም አለው።